የመገጣጠሚያ አልትራሳውንድ ምንድን ነው?

ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው ሰው ራጅ ተነሥቶ «አጥንትህ ደኅና ነው» ይባላል፤ እግሩ ግን እንዳበጠ ነው፣ መርገጥም አልቻለም። ራጅ በዋናነት የሚያሳየው አጥንትን በመሆኑ በጅማት፣ በጡንቻ ወይም በመገጣጠሚያው ሽፋን ላይ የደረሰ ጉዳት ብዙውን ጊዜ ሳይታይበት ያልፋል። የመገጣጠሚያ አልትራሳውንድ እነዚህን ለስላሳ አካላት በድምፅ ሞገድ አማካይነት የሚያሳይ ምርመራ ነው።

የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ ለዚህ ምርመራ የሚውለው መሣሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 18 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል እየተጓዘ የተለያየ እፍጋት ያላቸው አካላት በሚገናኙበት ወሰን ሁሉ ከፊሉ ነጥሮ ይመለሳል፤ መሣሪያውም ይህን ማሚቶ ለመመለስ ከወሰደበት ጊዜና ከጥንካሬው ተነሥቶ ወደ ምስል ይለውጠዋል። ርግብግቢቱ ሲጨምር ምስሉ ይጠራል፣ የሚደርስበት ጥልቀት ግን ያንሳል፤ ለጣት ጅማት የተመረጠ መመርመሪያ ለዳሌ የማይሆነው ለዚህ ነው። እንደ ራጅ ያለ ጨረር ስለሌለው የጉዳቱን መዳን ለመከታተል ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል።

በምስሉ ላይ ፈሳሽ ጥቁር ሆኖ፣ የአጥንት ገጽ ደግሞ ከበስተኋላው ጥላ እንደጣለ ደማቅ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ጤነኛ የተረከዝ ጅማት ድር ላይ እንደተወጠሩ ክሮች ጎን ለጎን የተሰደሩ ብሩህ መስመሮች አሉት። ጅማቱ ሲበጠስ ክሮቹ ይቋረጣሉ፤ ሐኪሙ የተመርማሪውን እግር ቀስ ብሎ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅስ የተበጠሱት ጫፎች ሲራራቁና ሲቀራረቡ በዓይን ይታያል። የዚህ ምርመራ ትልቁ ብልጫ በእኔ እምነት ይኸው ነው፤ ብዙ የስፖርት ጉዳት የሚያመው ሲንቀሳቀሱ ነውና፣ ትከሻም ቢሆን ክንድ ወደ ጎን ሲነሣ ጅማቱ ከአጥንቱ ሥር ተጨንቆ ማለፉን እዚያው ማየት ይቻላል።

መሣሪያው የደም ፍሰትንም ስለሚያሳይ የመገጣጠሚያው ሽፋን መቆጣቱን ለማወቅ ይረዳል። በሪህ ሕመም ደግሞ የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች የአጥንቱን ጫፍ በሚሸፍነው ልም አጥንት ገጽ ላይ ሲከማቹ ከአጥንቱ መስመር በላይ ሌላ ነጭ መስመር ይሠራሉ። የባት እብጠትም ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ከጉልበት ጀርባ የተቋጠረ ፈሳሽ ፈንድቶ ወደ ባት ሲወርድ የደም መርጋትን ይመስላል፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። አልትራሳውንድ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት መዋሉ እ.ኤ.አ. በ1972 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከመገጣጠሚያ ፈሳሽ ለመቅዳት ወይም መድኃኒት ለመስጠትም የመርፌው ጫፍ እየታየ ይገባል።

ነገር ግን ምርመራው በመርማሪው እጅ ላይ እጅግ የተመሠረተ ነው። ሞገዱ ጅማቱን ቀጥ ብሎ ካላገኘው፣ መመርመሪያው በጥቂት ዲግሪ እንኳ ቢያዘነብል፣ ጤነኛው ጅማት ጠቁሮ የተበጠሰ ይመስላል። ስለዚህ ጠንቃቃ መርማሪ አንግሉን እያቃና ደጋግሞ ያያል፤ የታመመውንም ካልታመመው ወገን ጋር ያነጻጽራል። በችኮላ የተደረገ ምርመራ ያላየውን ጉዳት የለም ብሎ መደምደም አይገባም።

ድምፁ አጥንትን አልፎ መሄድ ስለማይችል የአጥንት ውስጥ ጉዳት፣ በጉልበት መካከል የተሻገሩት ጅማቶችና በጥልቀት ያለው ልም አጥንት የሚጣሩት በኤምአርአይ፣ ማለትም በመግነጢስ ኃይል በሚሠራ የምስል ምርመራ ነው። በሌላ በኩል ምንም ሕመም በሌለው ሰው ትከሻ ላይም የጅማት መሰንጠቅ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ምስሉ ከሕመሙ ጋር መገጣጠም አለበት። መርማሪው ስንጥቁ በታየበት ቦታ ላይ መመርመሪያውን ጫን ሲያደርግ ተመርማሪው «አዎ፣ እዚያው ላይ ነው የሚያመኝ» ካለ፣ የሕመሙ ምንጭ ያ ስንጥቅ የመሆኑ ዕድል በእጅጉ ይጨምራል።