ዳክት ምንድን ነው?

አዳማ ላይ ፎቅ ሊሠራ ያሰበ ሰው ፕላኑ ሲደርሰው መጀመሪያ ሳሎኑን ያያል። ቀጥሎ መኝታ ቤቶቹን ይቆጥራል። ከዚያ ሽንት ቤቱ ጥግ ላይ በመስቀል የተሰመረችውን ትንሽ አራት ማዕዘን ያያትና «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ይላል። ዳክት ናት ይሉታል። «ቁም ሳጥን ብናደርጋትስ?»

አትሆንም። ዳክት ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ በየፎቁ ስላቡን፣ ማለትም የኮንክሪቱን ወለል፣ አቋርጦ የሚያልፍ ክፍት ቦታ ነው። ንጹሕ ውሃ በእሱ በኩል ይወጣል። ቆሻሻ ውሃ በእሱ በኩል ይወርዳል። የሽታ መውጫ ቱቦውም እዚያው ነው። ማንም አይኖርበትም፣ ማንም አይከራየውም። ባለቤቱን የሚቆጨውም ይኼው ነው። ግን እናስላው። 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዳክት በአንድ ፎቅ ግማሽ ካሬ እንኳን አይሞላም። ባለ አራት ወለል ቤት ላይ ተደምሮ ሁለት ካሬ አይደርስም።

ዳክቱን ለማስረዳት ቀላሉ መንገድ የሌለበትን ቤት ማየት ነው። አዳማ ዋና መንገድ ዳር እንደ አሸን ከፈሉት ባለ ሦስትና አራት ወለል ሕንፃዎች አንዱን ያስቡ። ታች ካፌ ነው። ላይ መኖሪያ ወይም ፔንሲዮን ነው። አርክቴክቱ ላይኛው ፎቅ ላይ ሽንት ቤቶቹን ለክፍሎቹ እንዲመቹ አድርጎ በትኗቸዋል፤ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ስላቡ ተሞላ። ከሳምንታት በኋላ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ፣ ቀና ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይኼ ቱቦ በካፌው ኮርኒስ ካልሆነ መውረጃ የለውም» አለ።

አሁን ሒሳቡ ይጀምራል። የሽንት ቤት መውረጃ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ነው። ቱቦው ጋደም ብሎ ሲሄድ መዝቀጥ አለበት፤ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር እንበል። አምስት ሜትር ርቆ ከሄደ 10 ሳንቲ ሜትር ወረደ ማለት ነው። የራሱ ውፍረት 11 ሳንቲ ሜትር ነው። ይኼም ባልከፋ። ችግሩ መንገዱ ላይ ቢም፣ ስላቡን የሚሸከመው አግድም ኮንክሪት፣ አለ። የቢሙ ጠቅላላ ከፍታ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የስላቡ ውፍረት 15 ከሆነ፣ ቢሙ ከስላቡ በታች 35 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ቱቦው በቢሙ ሥር ልለፍ ካለ የካፌው ኮርኒስ ግማሽ ሜትር ገደማ ዝቅ ሊል ነው። ሦስት ሜትር ይሆናል የተባለው ካፌ ሁለት ሜትር ተኩል ሆኖ ያርፋል። ደንበኛው ማኪያቶውን እየጠጣ ከጭንቅላቱ በላይ ውሃ ሲንዶቆዶቅ ይሰማል።

ሌላው አማራጭ ቢሙን መብሳት ነው። እዚህ ላይ ሳይት የዋለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመጣል። ድሪሉ ይነሳል፣ ስካርፔሎ ይጨመራል፣ ኮንክሪቱ ይፈነከታል፣ ውስጡ ያለው ብረት፣ ፌሮው፣ ብቅ ይላል። ፌሮው ቱቦውን አላሳልፍ ሲል በግራይንደር ይቆረጣል። ከታች ያለው የቢሙ ፌሮ ጭነቱን የሚሸከመው ዋናው ብረት ነው። ለአንድ ቱቦ ሲባል እሱን መቁረጥ እብደት ነው። ከዚያ ቀዳዳው በሲሚንቶ ይደፈናል፣ ይለሰናል፣ ይቀባል። ማንም አያየውም። ስትራክቸራል ኢንጂነሩም አይሰማም።

ጥፋቱን ቧንቧ ሠራተኛው ላይ መጫን የተለመደ ነው። እኔ አልስማማም። እሱ የመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ቤት አራት ዓይነት ወረቀት አለው። የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር (የተሸካሚው ክፍል)፣ የሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ) እና የኤሌክትሪክ። አራቱን አራት ሰዎች ይሠሯቸዋል፤ ብዙ ጊዜ በየፊናቸው፣ አንዳንዴም ሳይተያዩ። ሳኒተሪው የሚደርሰው የአርክቴክቸሩ ፋይል አልቆ ነው፤ ቱቦውን እላዩ ላይ ያሰምርበታል። ወረቀት ላይ ሰማያዊ መስመር ቢምን ሰንጥቆ ቢያልፍ ማን ይከለክለዋል? አራቱ ወረቀቶች ተደራርበው የሚታዩበት ቀን ከሌለ፣ ግጭቱ የሚታወቀው ሳይት ላይ ነው።

መመሪያ ጠፍቶ አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮዶች ውስጥ ኢቢሲኤስ 9 ስለ ቧንቧ፣ 10 ስለ ኤሌክትሪክ፣ 11 ስለ አየር ማናፈሻ ነው። የጠፋው ንግግሩ ነው። ዳክት ንግግሩን በግድ ያስጀምራል። አርክቴክቱ ገና በመጀመሪያው ንድፍ «ቱቦዎቹ በዚህ ይወርዳሉ» ብሎ ቦታውን ካሰመረ፣ ሽንት ቤቶቹ በየፎቁ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። ወጥ ቤቱም ወደዚያው ይጠጋል። ስትራክቸራል ኢንጂነሩ ቢሙን ከዚያ ያሸሻል፣ የስላቡን ክፍተትም በፌሮ ያጠናክረዋል። ስለዚህ እኔ ፕላን ሳይ ሳሎኑን ትቼ ወደ ዳክቱ ነው የምሄደው። የምድር ቤቱ ዳክትና የላይኛው ፎቅ ዳክት አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ሌላውን ማየት አያስፈልገኝም።

ስፋቱስ? ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ቱቦው ከገባ ይበቃል ይባላል። አይበቃም፤ እጅም መግባት አለበት። ባለ 110ሩ ቱቦ፣ የመታጠቢያው ባለ 50 ወይም ባለ 75፣ ወጪና ወራጁ የንጹሕ ውሃ መስመር፣ የሽታ መውጫው። እነዚህ ጎን ለጎን ሆነው፣ ማቀፊያ ተደርጎላቸው፣ አንዱ ሲያፈስ ሌላውን ሳይነቅሉ መጠገን መቻል አለበት። በየፎቁም የመፈተሻ በር ያስፈልጋል፤ 40 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራ የአልሙኒየም በር ይበቃል። ብዙ ሰው በሩን «ውበት ያበላሻል» ብሎ በሴራሚክ ይደፍነዋል። መፍሰስ ሲጀምር ያ ሴራሚክ በመዶሻ ይፈርሳል። የድሮው ሴራሚክ ደግሞ ገበያ ላይ አይገኝም።

ኤሌክትሪክ የራሱ ዳክት ይኑረው። ውሃና መብራት በአንድ ጉድጓድ አይውረዱ። የኤሌክትሪኩ ደግሞ ሽቦው ካለፈ በኋላ በየስላቡ እሳት በማያሳልፍ ነገር መደፈን አለበት። አለዚያ ምድር ቤት የተነሳ ጭስ ደቂቃ ሳይፈጅ ላይ ይደርሳል።

የአዳማን ነገር እናንሳ፤ ፕላኑ ከሌላ ከተማ ተገልብጦ ሲመጣ የሚያጣው ይኼን ነው። ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ሙቀት አላት፣ አቧራ አላት፣ ነፋሷ ደግሞ የታወቀ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብለው የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ቀልድ አይደሉም፤ አዳማ ሁለት የተባለው የነፋስ ኃይል ጣቢያ ብቻውን 153 ሜጋ ዋት ነው። ይኼ ነፋስ የሽንት ቤት መስኮት ላይ ፊት ለፊት ከመጣ ሽታውን ወደ ሳሎን ይገፋዋል። ከሳሎኑ በኩል ገብቶ በሽንት ቤቱ በኩል ከወጣ ግን ቤቱን በነፃ ያናፍሳል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የጎረቤትን ቤት ዞር ብሎ ማየት ነው፤ አቧራው የከበደበት መስኮት ይናገራል።

ፀሐይም አለች። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይ በሰኔ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ሁለቱንም የጣሪያ ክፈፍ ይመክታቸዋል። የማይመከተው የምዕራቡ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብሎ በመስኮት ይገባል፣ ግድግዳውን እስከ ማታ ያግለዋል። እንግዲህ ዳክቱን፣ ሽንት ቤቱንና ደረጃውን በምዕራብ በኩል ቢደረድሯቸው መኝታ ቤቱን ከለሉት ማለት ነው። ነፋሱና ፀሐዩ በአንድ ጎን ከመጡ ምን ይደረጋል? እኔ ለነፋሱ አደላለሁ። ፀሐይን መጋረጃም ዛፍም ይመልሰዋል፤ ሽታን ግን መጋረጃ አይመልሰውም።

ስለ ሽታ ካነሳን፣ ቤት የሚሸተው ሁልጊዜ ስለ ቆሸሸ አይደለም። ከእጅ መታጠቢያውና ከወለሉ ፍሳሽ ሥር ባለው የታጠፈ ቱቦ፣ ሲፎን፣ ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ቁጭ ብሎ ሽታውን ይዘጋል። ላይኛው ፎቅ ሰው የሽንት ቤቱን ውሃ ሲለቀው የሚወርደው ውሃ ከኋላው አየር ይስባል። አየር የሚገባበት የሽታ መውጫ ቱቦ ከሌለ ከታችኛው ፎቅ ሲፎን ይስባል። ጉርጉር የሚል ድምፅ ይሰማሉ፤ ከዚያ ሲፎኑ ባዶ ነው፣ መንገዱ ለሽታ ክፍት ነው። ለዚህ ነው የሽታ መውጫው በዳክቱ ውስጥ አልፎ ከጣሪያ በላይ መውጣት ያለበት። ዳክቱ ውስጥ አቁመውት የሚሄዱ አሉ፤ ሽታውን ለጎረቤት አከፋፈሉት ማለት ነው። በበጋ ሙቀት ደግሞ ሳይነካ የከረመ የእንግዳ ሽንት ቤት ሲፎኑ ይደርቃል። መድኃኒቱ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ነው።

መስኮት የሌለው ሽንት ቤት የሚተነፍስበት ሰፊ ዳክትም አለ። ይኼኛው ጣሪያው ላይ ዝናብ እንጂ አየር የማይከለክል ክዳን ይፈልጋል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ሽታውን ይዞት ይሄዳል። የወጥ ቤት መስኮት ግን ወደዚህ አይከፈት። ከተከፈተ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ምድር ቤት ምን ወጥ እንደተሠራ ሳትጠየቅ ትናገራለች።

ወደ ውሃ እንመለስ። የአዳማ ውሃ ከአዋሽ፣ ቆቃ አካባቢ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ማስቆፈር የሚያስብ ሰው ሳያስመረምር አይጠጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ታዲያ የቧንቧው ውሃ ሲቆራረጥ ሁሉም ሰው ሮቶ ጣሪያ ላይ ይጭናል። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው፤ 20 ኩንታል ጤፍ ጣሪያ ላይ ቆልሎ እንደ መተው ነው። ስትራክቸራል ኢንጂነሩ ይኼን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። ቦታውም ከዳክቱ አናት አጠገብ ይሁን፤ ቧንቧው ጣሪያውን ሁሉ እየዞረ በፀሐይ አይቀቀል።

ከፍታውም ይታሰብበት። አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል። የታንከሩ ሥር ከሻወሩ ራስ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ከፍ ካለ ያገኙት 0.15 ባር ነው። ምድር ቤት ያለው ተከራይ ደህና ሻወር ይወስዳል። ላይኛው ፎቅ የሚኖረው ባለቤት በጠብታ ይታጠባል። ታንከሩን በብረት ማማ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ባዶውን የፕላስቲክ ታንከር የአዳማ ነፋስ እንዳይጥለው በደንብ መታሰር አለበት። አለዚያ ለላይኛው ፎቅ ብቻ ትንሽ ፓምፕ ማስገባት ነው። ለፓምፑም ሶኬት ያስፈልጋል። ሶኬቱ ከስላቡ በፊት ካልታሰበ ሽቦው በጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል።

የመብራቱ ጉዳይ አጠር ይላል፤ አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ምጣድ። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ነው። ለተራ ሶኬት በተዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ከፍሪጅ ጋር ማጋራት አይገባም። ቢያንስ ባለ 4 ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ይኑረው። ኤሌክትሪካል ዲዛይነሩ ይኼን የሚያውቀው የምጣዱን ቦታ ከነገሩት ነው። ብዙ ፕላን ላይ ምጣድ የለም፤ ስቶቭ ነው ያለው። «እትዬ፣ እንጀራ የሚጋገረው የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አርክቴክት ካገኙ አይልቀቁት። እንፋሎቱም መውጫ ይፈልጋልና ምጣዱ ውጭ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ።

ሳይት ላይ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ያለው ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ባለው ቀን ነው። ፎርማኑን የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ወረቀቱን ይዞ ፌሮው ላይ እንዲዞር ይጠይቁት። የዳክቱ ክፍተት በጣውላ ታጥሯል? ኮንዲዩቶቹ፣ የሽቦ ማለፊያ ቱቦዎቹ፣ ተዘርግተው ታስረዋል? ቱቦ የሚያልፍበት ቦታ ሁሉ ከቱቦው ሰፋ ያለ የቱቦ ቁራጭ ቆሞበታል? አንድ ጥዋት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ፣ ልስን ከመጀመሩ በፊት፣ ቧንቧው ውሃ ተሞልቶ አንድ ቀንና ሌሊት ይደር። በማግስቱ ሜትር ግድግዳው ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን ግድግዳ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ቱቦው ከጥጉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚርቅ ፎቶው ላይ ይነበባል። ከዓመታት በኋላ ቲቪ ለመስቀል ድሪል ይዞ የሚመጣው ልጅ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ፎቶ ይሁን።