«ሦስት ሰዓት ደምርበት» እና ሌሎች የዳታቤዝ ሰዓት ስህተቶች

ዳታቤዝ ውስጥ ያለ ሰዓት ሲሳሳት የሚሰሙ አባባሎች በጥቅስ፣ መልሳቸው ከሥራቸው፦

«የሰርቨሩን ሰዓት አዲስ አበባ ላይ አድርገው፣ ይስተካከላል።» ቀድሞ በስህተት የተጻፈውን ረድፍ አያስተካክለውም።

«ፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ታይምዞን ባለው ታይምስታምፕ (ቀንና ሰዓት የሚይዝ የኮለም ዓይነት) ውስጥ ዞኑንም ያስቀምጣል።» አያስቀምጥም። ሲገባ ወደ ዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) ይለውጠዋል፣ ሲወጣ በሴሽኑ (በወቅቱ ግንኙነት) ዞን ያሳየዋል።

«ቀኑ 1970 ካለ ዳታው ጠፍቷል።» ሁልጊዜ አይደለም፤ ኮምፒውተር ጊዜን ከ1970 መጀመሪያ ስለሚቆጥር፣ ብዙ ጊዜ ሰከንድ እንደ ሚሊሰከንድ ተነቦ ነው። የዘመናችን ቀን በሰከንድ 10 አሃዝ፣ በሚሊሰከንድ 13 አሃዝ ነው። እንዲህ ከሆነ ሰከንዱን በ1000 አባዙት።

«ሁሉም ረድፍ ላይ ሦስት ሰዓት ደምርበት።» እባካችሁ ይህን ምክር ተዉት። አዲስ አበባ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ስለምትቀድም መፍትሔው ግልጽ ይመስላል፤ ግን መጀመሪያ ስህተቱ ወደየት እንደሆነ እዩ። ገጹ ላይ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳታው ትክክል ነው፤ ዩቲሲው ሳይለወጥ ታይቷል። የሚታረመው ኮዱ ነው፤ ዳታው ላይ ከደመራችሁ ትክክለኛውን አበላሻችሁት። 3 ሰዓት ወደ ፊት ከዘለለ፣ የአዲስ አበባ ሰዓት ዩቲሲ ተብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ከሆነ የፎርሙን መቀበያ ፈትሹ፦ ተጠቃሚው ጠዋት 3:00 ብሎ የሞላውን ሲስተሙ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል።

ዳታው ራሱ መታረም ካለበት ባክአፕ ያዙና ነባሩን ሰዓት ወደ አዲስ ኮለም ቅዱ። የታረመውን ዋጋ ሁልጊዜ ከዚያ ቅጂ አስሉ፤ ስክሪፕቱ ሁለቴ ቢሄድም ሁለቴ አይደምርም። የተሳሳቱትን ረድፎች ለመለየት በአይዲ ቅደም ተከተል ደርድሯቸው፤ አይዲው እያደገ ሰዓቱ ድንገት 3 ሰዓት የሚዘልበት ወይም የሚመለስበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዲፕሎይ (አዲስ ኮድ ከተጫነበት ጊዜ) ጋር ይገጥማል። ጥቂቶቹን ከባንክ ደረሰኝ ወይም ከሰርቨር ሎግ ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ በዚያ የአይዲ ክልል ያሉትን ብቻ አርሙ።

ብዙዎች የሚረሱት ትሪገሩን (ረድፍ ሲቀየር ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ነው። እርማቱ ሲሄድ «መጨረሻ የተሻሻለበት» የሚለው ኮለም በታረመው ረድፍ ሁሉ ላይ የዛሬ ቀን ይሆናል። ፖስትግሬስ ላይ ለጊዜው ትሪገሩን አጥፉት፤ ማይኤስኪውኤል (ሌላው የዳታቤዝ ፕሮግራም) ላይ ኮለሙ ራሱን የሚያድስ ከሆነ በዚያው አፕዴት ውስጥ የራሱን ዋጋ መልሳችሁ ስጡት።

«የማይኤስኪውኤል ታይምስታምፕ ለማንኛውም ቀን ይሆናል።» ከጃንዋሪ 19 ቀን 2038 አያልፍም። ለ20 ዓመት ብድር ማብቂያ ዴትታይም፣ ለትውልድ ቀን ዴት የተባሉትን የኮለም ዓይነቶች ተጠቀሙ።