«የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እህት ወንድሞቼ እንኳን ለእመቤታችን ፍልሰት በሰላም አደረሳችሁ። ዘንድሮ ፍልሰታን የጾምኩት ኢየሩሳሌም ዴር ሡልጣን ነው፣ ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት መጥቼ፣ እና ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ጥቅስ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ እሱን ላካፍላችሁ።

ቦታውን ላላያችሁት፣ ዴር ሡልጣን ከጌታ መቃብር ቤተክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለ ገዳማችን ነው፣ ከሥሩ የቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት አለ፣ የሱ ጉልላት ግቢያችን መሀል ብቅ ብሎ ይታያል። የመነኮሳቱ ቤት ትንንሽና ዝቅ ያለ ነው። በዚህ በኩል ያለው የአሮጌው ከተማ መንገድ መኪና ስለማያስገባ ዱቄቱም ሽንኩርቱም ከገበያው በሰው ትከሻ ነው ደረጃውን የሚወጣው፣ የነሐሴ ፀሐይ ደግሞ ድንጋዩን ካጋለው ማታም አይበርድም።

እውነት ለመናገር ስመጣ ራሴን የማየው ጎልጎታ ላይ ተንበርክኬ ሳለቅስ ነበር። የተሰጠኝ መጥረጊያና የሚታጠብ ድስት ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አኮረፍኩ፣ ለዚህ ነው እንዴ አገር አቋርጬ የመጣሁት አልኩ። አንድ ቀን ቅዳሴ ከወጣ በኋላ አንዲት እማሆይ አጠገቤ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ፣ ከንፈራቸው ውዳሴ ማርያም እያለ ጣታቸው ጠጠሯን እያወጣ ጨርቅ ላይ ያስቀምጣል። ቀስ ብለው ነው የሚለቅሙት፣ እኔ ቸኮልኩና «እማሆይ ይበቃል፣ ንጹህ ነው እኮ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይሄን የሚበሉት አባ ጥርስ የላቸውም፣ ድዳቸውን ያቆስላቸዋል» አሉኝ። ለካ ያን ሁሉ ሰዓት እያሰቡ የነበሩት የአንድ ሽማግሌ ድድ ነው። ድስቴን ይዤ አለቀስኩ።

ቅዱስ ጳውሎስ «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና» ያለው (ፊልጵ 4፥11) እስር ቤት ሆኖ ነው። ተምሬአለሁ ነው ያለው፣ አብሮኝ ተወለደ ወይ አንድ ቀን ሲጸለይልኝ ወረደልኝ አላለም። ጳውሎስ እንኳን ተማረው! ቀጥሎ መጥገብንም መራብንም ተምሬአለሁ ይላል፣ ከዛ በኋላ ነው እኛ ፕሮፋይላችን ላይ የምንለጥፈው «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚመጣው። ረሃቡን ዘለን ኃይሉን ብቻ ወሰድነው።

እዛው መልእክት ላይ አፍሮዲጡ የሚባል ሰው አለ፣ በጣም ነው የምወደው። የፊልጵስዩስ ምእመናን ጳውሎስን እንዲያገለግል ስጦታ አስይዘው የላኩት ነው፣ በዛሬ ቋንቋ ቮለንተር በሉት። በሰው አገር ታሞ ለሞት ቀረበ። ምን ሰበከ፣ ምን ተአምር አደረገ፣ ምንም አልተጻፈም፣ እስረኛው የሚያስፈልገውን አቀረበ፣ በቃ። የከበደው ደግሞ መታመሙ ሳይሆን እነሱ መታመሙን መስማታቸው ነበር። ጳውሎስ «ወንድሜ፣ አብሮኝ ሠራተኛና ወታደር» ይለዋል፣ እሱን የሚመስሉትን አክብሯቸው ይላል።

እኛስ? ለአገልግሎት ብለን መጥተን ገና ሻንጣ ሳናስቀምጥ ዋይፋይ አለ ወይ፣ ክፍሉ ለምን ጠበበ፣ ምግቡ ለምን ሽሮ ብቻ ሆነ። መቅደስ በር ላይ ላይቭ እንገባለን፣ አባቶች ውኃ ተሸክመው በአጠገባችን ሲያልፉ ስልኩን አናወርድም። ወገኖቼ ያሳዝናል። ፎቶው ላይ የሌለው ድስት እኮ ነው አገልግሎቱ።

ግን አንድ ነገር አደራ፣ ይሄን ጥቅስ ቤሩትና ሪያድ ደሞዟ ተከልክሎ ለምታለቅስ እህታችን «ይበቃኛል በይ» ብላችሁ እንዳትሰጧት። ጳውሎስ ስለ ራሱ ነው የተናገረው፣ የሌላውን ጉድለት ዝም በሉት አላለም፣ እንደውም በመከራዬ ስለተካፈላችሁ መልካም አደረጋችሁ ብሎ አመሰገናቸው። ለሷ የሚገባት መብቷን የሚያስከብርላት ሰው ነው፣ የኛ እጅ ነው። እህቴ ይሄን የምታነቢ ከሆነ፣ ሰው ቤት ዕቃ እያጠብሽ በልብሽ የምትይውን ውዳሴ ማርያም እመቤታችን ትሰማዋለች፣ ቤተክርስቲያን መሄድ ስላልተፈቀደልሽ ከበረከት የጎደልሽ አይምሰልሽ።

እኔ አሁንም እየተማርኩ ነው፣ ትላንት እንኳን በደረጃው ጉዳይ አጉረምርሜአለሁ። ነገ ዱቄት የማምጣት ተራው የኔ ነው። እማሆይ ጉልበታቸውን በጣም ያማቸዋል፣ በጸሎታችሁ አስቧቸው።