የካምሻፍት ታይሚንግ ምንድን ነው? ሞተር ሲያንኳኳስ ምን አገባው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት በቆየ የቤንዚን መኪና የወጣ ሰው ድምፁን ሳያውቀው አይቀርም። በከባድ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) አካባቢ ቅጭል ቅጭል የሚል የብረት ድምፅ ይመጣል። ብዙው ሰው በቤንዚኑ ወይም በካንዴላው ያላክካል። ክራንክ ሻፍቱን ከካምሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ በቅርቡ ከተቀየረ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው የካምሻፍቱን ታይሚንግ ነው።

ካምሻፍት ቫልቮችን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው፤ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንዴ ይዞራል። ታይሚንጉ ደግሞ ፒስተኑ የት ሲደርስ የትኛው ቫልቭ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚወስነው ነው። ለማንኳኳት ዋናው ጉዳይ የማስገቢያው ቫልቭ የሚዘጋበት ቅጽበት ነው። ፒስተኑ ታች እንደደረሰ ወዲያው አይዘጋም፤ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረም በኋላ ጥቂት ይቆያል። በከፍተኛ ዙር አየሩ በፍጥነት ስለሚመጣ በዚያችም ጊዜ መግባቱን አያቆምም። በዝቅተኛ ዙር ግን ፒስተኑ ከገባው ከፊሉን መልሶ ይገፋዋል።

ካሙ ከቀደመ ቫልቩም ቀድሞ ይዘጋል። በዝቅተኛ ዙር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀረው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ይበዛል፤ ሲጨመቅ ግፊቱም ሙቀቱም ይጨምራል። ማንኳኳት የሚባለው ከካንዴላው የተነሳው እሳት ሳይደርስበት ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ በራሱ ሲፈነዳ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ሞተር እሳቱ ትንሽ እንዲዘገይለት ይፈልጋል። ካሙ ከዘገየ የሚቀረው ድብልቅ ያንሳል፣ ቀስ ብሎም ይነዳል። እሳቱ ቀደም ቢልም አያንኳኳም፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት አይኖረውም። ቶዮታ ፕሪየስ ይህንን ሆን ብሎ ይጠቀምበታል፦ የሁለተኛው ትውልድ ሞተር ድብልቁን በወረቀት ወደ አሥራ ሦስተኛው መጠን (13 ለ 1) ጨምቆ የማያንኳኳው ቫልቩ በጣም ዘግይቶ ስለሚዘጋ ነው።

በቆዩት ኮሮላዎች ነገሩ ይወሳሰባል፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር የሚያዞረው ራሱ ካምሻፍቱ ነውና። ቺንጋው የሚያዞረው የካምሻፍቱ ፑሌ 48 ጥርስ ካለው፣ ቺንጋው በአንድ ጥርስ ሲሳት ካሙ 7.5 ዲግሪ ይዛነፋል። ይህ በክራንክ ሻፍት ሲለካ 15 ዲግሪ ነው፤ እሳቱም አብሮት ይሄዳል። ካሙ ወደፊት ከተሳተ፣ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 10 ዲግሪ ሲቀረው መለኮስ የነበረበት ካንዴላ 25 ሲቀረው ይለኩሳል። ያንኳኳል። መካኒኩ ዲስትሪቢዩተሩን ዞር አድርጎ ድምፁን ያጠፋል፣ ደንበኛውም ከፍሎ ይሄዳል፤ ቫልቮቹ ግን እንደተሳቱ ናቸው። የቺንጋው ምልክቶች ሳይታዩ ዲስትሪቢዩተር መነካካት ለእኔ ሥራ አይባልም።

ደሴ ደግሞ ይህን ጥፋት ትደብቃለች። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሲሊንደሩ በደንብ ስለማይሞላ እሳቱ ቢቀድምም ሞተሩ ይችለዋል። ያው መኪና 1,400 ሜትር ገደማ ወዳለችው ከሚሴ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ድምፁም ይጀምራል። ስለዚህ ደሴ ጋራዥ በር ላይ "ተስተካክሏል" ሲባል አልቸኩልም፤ ቆላ ወርዶ፣ በከባድ ማርሽ ዳገት ሞክሮ ማየት ነው።

እንደ ቪትዝ ያሉት ባለ ቪቪቲ-አይ ሞተሮች የማስገቢያውን ካም በዘይት ግፊት እየሄዱ ያስቀድሙታል፣ ያዘገዩታል። ኮምፒውተሩ እሳቱን ከዚያው ጋር ያስማማል፤ ማንኳኳት የሚያዳምጥ ሴንሰርም አለው። ዘይቱ ሳይቀየር ከከረመ ግን የዘይት መቆጣጠሪያው ቫልቭ ይቆሽሽና ካሙ ባልታዘዘበት ቦታ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚዞር ዲስትሪቢዩተር የለም፤ ዘይቱን መቀየር፣ ቫልቩንም ፈትቶ ማጠብ ነው።