ከፊርማ በኋላ፦ ዓለም አቀፍ ስምምነት በሕገ መንግሥት በኩል ሲያልፍ

መሪዎች ፈርመው ሲጨባበጡ በዜና ሲታይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን አላለቀም። ትልልቅ ስምምነቶች ከፊርማ በኋላ መጽደቅ አለባቸው። ማን ያጽድቅ የሚለውን የሚወስነው የየአገሩ ሕገ መንግሥት ነው።

በአሜሪካ ስብሰባ ላይ ከተገኙት ሴናተሮች ሁለት ሦስተኛው መስማማት አለባቸው። ፕሬዚዳንት ዊልሰን የቬርሳይን ስምምነት በ1919 እ.ኤ.አ. ራሳቸው ፓሪስ ድረስ ሄደው ተደራደሩ፤ ፈረሙም። ሴኔቱ ግን ጣለው። ዛሬ አብዛኛው የአሜሪካ ስምምነት በዚህ በር አያልፍም፤ “የአስፈጻሚ ስምምነት” የሚባል ቀለል ያለ መንገድ አለ። በብሪታንያ ደግሞ ስምምነቱ ፓርላማ ፊት ለ21 የስብሰባ ቀናት ይቆያል። ተቃውሞ ካልተወሰነበት መንግሥት ያጸድቀዋል።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሰው ስምምነቱን ይዞ ፍርድ ቤት መቆም ይችላል? በኔዘርላንድስ ሁሉንም ሰው የሚያስገድድ ድንጋጌ ከታተመ ዳኛው በቀጥታ ይሠራበታል። የአገሩ ሕግ ከተጋጨበት ሕጉን ወደ ጎን ይተዋል። የሚገርመው፣ ያው ዳኛ የፓርላማ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ወይ ብሎ መመርመር አይፈቀድለትም! ስምምነቱ በቀጥታ እንደ ሕግ የሚሠራበት ይህ አሠራር ሞኒዝም ይባላል። ተቃራኒው ዱዋሊዝም ነው፤ ብሪታንያ ውስጥ ፓርላማው የራሱን ሕግ ካላወጣ ዳኛው ስምምነቱን እንደ ሕግ አይቆጥረውም።

ፌዴራል አገር ላይ ነገሩ ይብሳል። ካናዳ የሥራ ሰዓትን የመሳሰሉ የሠራተኛ ስምምነቶችን አጽድቃ ነበር። በ1937 ግን ማዕከላዊው መንግሥት በክፍላተ ሀገር ሥልጣን ገብቶ ሊያስፈጽማቸው እንደማይችል ተፈረደ።

ከሁሉ የከረረው በቴክሳስ ሞት የተፈረደበት የሜክሲኳዊው ሜደሊን ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2004 አሜሪካ የሞት ፍርደኛ ሜክሲኳውያንን ጉዳይ እንደገና እንድታይ ወሰነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2008 ውሳኔው አገሪቱን በዓለም ፊት ያስራል፣ ኮንግረስ ሕግ ካላወጣ ግን ቴክሳስን አያስገድድም አለ። በዚያው ዓመት በሜደሊን ላይ የሞት ፍርዱ ተፈጸመ። ስለ ስምምነቶች ሕግ የሚደነግገው የ1969ኙ የቪየና ኮንቬንሽን ግን የአገር ውስጥ ሕግን ሰበብ ማድረግን አይቀበልም።

መውጫውም የራሱ ጭቅጭቅ አለው። ብዙ ሕገ መንግሥቶች ስለ መግቢያው ጽፈው ስለ መውጫው ዝም ብለዋል። ደቡብ አፍሪካ ከዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት እወጣለሁ ስትል፣ በ2017 የአገሯ ፍርድ ቤት ያለ ፓርላማ ፈቃድ አይሆንም አለ። መንግሥትም ማስታወቂያውን መልሶ ሳበ።