ስለ ልጆች ደህንነትና ስለ ዳታ በተደጋጋሚ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

የልጆች ደህንነትን በዳታ መከታተል ሲባል ገሚሱ ሰው ኮምፒውተሩ ሁሉን ያውቃል ይላል፣ ገሚሱ ደግሞ ቁጥር ስለ ልጅ ምን ያውቃል ብሎ ጭራሽ ይተወዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ የስህተቱን ዋጋ የሚከፍሉት ደግሞ ልጆቹ ናቸው።

«ጥቆማ ከቀነሰ ልጆቹ ደህና ናቸው ማለት ነው»

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በ2020 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በኮቪድ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ስለ ልጆች ጥቃት የሚደርሰው ጥቆማ በጣም ወርዶ ነበር፣ ግን ጥቆማ በብዛት የሚሰጡት እኮ አስተማሪዎችና የትምህርት ቤት ሰራተኞች ናቸው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁን በየቀኑ የሚያየው ሰው ጠፋ። የወረደው ጥቆማው ነው፣ ልጁ ቤት ውስጥ ምን እየደረሰበት እንደሆነ ቁጥሩ አይነግራችሁም።

«ሲስተሙ አደጋ አለ ካለ ቤተሰቡ ጥፋተኛ ነው»

አይደለም። ሲስተም የምለው የቤተሰቡን መዝገብ አይቶ ልጁ ላይ ምን ያህል አደጋ እንዳለ የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ አሌጌኒ የሚባል ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ከ2016 ጀምሮ ከ1 እስከ 20 የአደጋ ስኮር (ነጥብ) የሚሰጥ ሲስተም ይጠቀማል፣ ስኮሩ የሚያግዘው ጥቆማ ሲደወል ሰው ተልኮ ይጣራ ወይስ አይጣራ የሚለውን ለመወሰን ነው እንጂ ልጅ ከቤተሰቡ ይወሰድ ለማለት አይደለም።

ለምን እንደሆነ በሂሳብ እንየው። ከ1,000 ልጆች 20ዎቹ በእውነት አደጋ ላይ ናቸው እንበል፣ ሲስተሙ ደግሞ ከሁለቱም ወገን 90 ፐርሰንቱን በትክክል ይለያል እንበል። ከ20ዎቹ 18ቱን ያገኛል፣ ጎበዝ ነው፣ ግን ደህና ከሆኑት 980 ውስጥ 98ቱንም አደጋ ላይ ናቸው ይላል። ስለዚህ ከተለዩት 116 ልጆች እውነተኞቹ 18 ብቻ ናቸው ማለት ነው፣ 2ቱ ደግሞ ጭራሽ አልታዩም! እዛው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ሲስተም ከ4,000 በላይ ልጆችን የመሞት ወይም ክፉኛ የመጎዳት ዕድላቸው 90 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ነው ብሎ ሰራተኛውን በማስጠንቀቂያ አጥለቅልቆት፣ የሞቱ ልጆችን ግን ሳይለይ ቀርቶ በ2017 መጠቀም አቆሙ።

«ዳታ አያዳላም»

ዳታው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የመንግስት እርዳታ የሚቀበል፣ በመንግስት ክሊኒክ የሚታከም ቤተሰብ መዝገቡ ሁሉ የመንግስት ዳታ ውስጥ ይገኛል፣ በገንዘቡ በግል የሚታከመው ግን አይታይም፣ ስለዚህ ድህነቱ ራሱ ጥፋት መስሎ ስኮሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ኔዘርላንድስ ውስጥ የህፃናት መዋያ ድጎማ ላይ አጭበርባሪ ለመለየት የተሰራው ሲስተም የሌላ አገር ዜግነትን እንደ አደጋ ምልክት ይቆጥር ነበር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለጥፋታቸው ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ፣ ጉዳዩ ከፍቶ በጥር 2021 መንግስቱ ስልጣን ለቀቀ።

«ይሄ ሁሉ ትልቅ ቴክኖሎጂ ይፈልጋል»

አይፈልግም። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ካሳየ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው፣ ይሄም ዳታ ነው።

«ብዙ ልጅ ካገለገልን ውጤት አምጥተናል»

ስንት ቤት ተጎበኘ፣ ስንት ስልጠና ተሰጠ የሚለው የሰራነውን ስራ ነው የሚቆጥረው። ውጤት ማለት ለደህንነቱ ተብሎ ከቤት ተወስዶ ወደ ቤተሰቡ የተመለሰው ልጅ በ12 ወር ውስጥ እንደገና ከቤት ወጣ ወይ፣ ስንት አሳዳጊ ቀያየረ፣ ጥቃቱ ተደገመበት ወይ የሚለው ነው። እነዚህን ለማወቅ ደግሞ ያንኑ ልጅ በጊዜ ሂደት መከተል ያስፈልጋል፣ በየሩብ ዓመቱ ድምር ብቻ ከላካችሁ ልጁ ድምሩ ውስጥ ይጠፋል።

«ያልተሞላ ቦታ ችግር የለውም»

ክትባት የቀረ፣ ሚዛን ላይ ሳይወጣ የከረመ፣ ከትምህርት ቤት መዝገብ በድንገት የጠፋ ልጅ ስሙ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ነው ያለው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሪፖርት ሲሰራ ያልተሟላ ነው ተብሎ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። እኔ ብሆን በየሳምንቱ የቀሩትን ልጆች ዝርዝር አውጥቼ መጀመሪያ እነሱ ቤት ነበር ሰው የምልከው፣ ለመክሰስ ሳይሆን ምን ገጠማችሁ ብሎ ለመጠየቅ።