አንድ ሶኬት ለመጨመር ቤት ሙሉ አቧራ፦ ስለ መቁረጫ መሣሪያ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤቱ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ዕቃ ከገባ በኋላ «እዚህ ጋ አንድ ሶኬት ቢጨመርልን» የማይል ባለቤት አላጋጠመኝም። የፊኒሺንግ ሥራ ላይ ስቆይ ቤተሰብ አቧራ ሲውጥ ያየሁት ከዋናው ግንባታ ይልቅ በእንዲህ ያለው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

አንድ ወጥ ቤት ትዝ ይለኛል። ባለሙያው አንድ ሜትር ለማትሞላ የሽቦ ቦይ ትልቁን ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ የሚቆርጠውን ማሽን) አስነሳ። የቤቱ እመቤት ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግተዋል። በአምስት ደቂቃ አምፖሉ አልታይ አለ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ፣ ሁለቴ ከተጸዳ በኋላ እንኳ የበርበሬው ዕቃ ክዳን ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ነጭ ዱቄት ያዘኝ።

«ትልቁ ግራይንደር ሥራ ያፋጥናል»

ለሶኬት ሽቦ ቦይ የሚበቃው ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ነው። ለዚህ ዲስኩ 115 ወይም 125 ሚሊ ሜትር የሆነው ትንሹ ግራይንደር ይበቃል። ትልቁ ያለአግባብ በጠለቀ ቁጥር ያ ሁሉ ብሎኬት ዱቄት ሆኖ ቤት ውስጥ ይቀራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ መከለያውን አውልቆ ትልቁን ዲስክ ትንሹ ላይ ማሰር ነው። ትንሹ በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ባለ 230 ሚሊ ሜትሩ ትልቅ ዲስክ የሚችለው 6,600 ገደማ ነው። በዚያ ፍጥነት የዲስኩ ጠርዝ በሰከንድ ከ130 ሜትር በላይ ይሮጣል፣ የተሠራው ግን ለ80 ነው። ሲፈነዳ ፊት ለፊቱ ያለው የሠራተኛው አንገት ነው። እባካችሁ ይህን የሚያደርግ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

«ሻሽ ወይም ጋቢ አፍ ላይ ከታሰረ ይበቃል»

አይበቃም። ዓይናችን የሚያየው አቧራ ከባዱ ነው፤ ቶሎ ይወርዳል። ሳንባ ጥልቅ ድረስ የሚገባው ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) በታች ያለው ነው፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ግን 70 ገደማ ነው። በጨርቅ ክር መሃል እንደ ልቡ ያልፋል። አሸዋ ያለበት ልስን፣ ብሎኬትና ሴራሚክ ሲቆረጥ ሲሊካ የሚባል የማዕድን ብናኝ ይወጣል። ሲሊካ ለዓመታት ሲጠራቀም ሲሊኮሲስ የሚባለውን የሳንባ ጠባሳ ያመጣል፤ መድኃኒት የለውም። ለሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) ያጋልጣል፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ረቂቅ ብናኝ የሚያጣራውን ኤን95 ማስክ ግዙ። ጺም ላይ ግን አይገጥምም፣ አየሩ በጎን ይገባል።

«መስኮት ይዘጋ፣ ብርድ ነው»

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ እኔም አውቀዋለሁ። የሚዘጋው ግን ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚያስገባው በር ነው። እሱን በላስቲክና በፕላስተር አሽጉት፣ የሚሠራበትን ክፍል መስኮት ክፈቱ። ሠራተኛው ካፖርቱን ይልበስ።

«ውሃ ከተረጨ አለቀ»

ውሃ አቧራን በደንብ ይገድላል። ነገር ግን ለውሃ ያልተሠራ ባለ 220 ቮልት መሣሪያ ሰው ይገድላል። ቀለም የተቀባ ግድግዳና ጂፕሰም ላይ ደግሞ ጭቃው እድፍ ሆኖ ይቀራል። ለተጠናቀቀ ግድግዳ የሚሻለው መከለያው ላይ የሚገጠም መምጠጫ ነው። የቤት ቫኪዩም ከፊት የሳበውን ረቂቅ አቧራ በኋላ ይተፋዋል፤ ረቂቁን አቧራ የሚያስቀር ሄፓ የሚባል ማጣሪያ ያለው ይፈለግ። ሥራው ሲያልቅም በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፤ የወረደው ሁሉ እንደገና ይነሳል። እርጥብ ጨርቅ ነው።

«ጥሩው ፊት ወደ ላይ ይሁን»

እንጨት ሲቆረጥ የሚባል ነው፤ ለእጅ መጋዝ ልክ ነው። ጂግሶ (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ) እና በእጅ የሚያዝ ክብ መጋዝ ግን ከታች ወደ ላይ ነው የሚቆርጡት፤ ስለዚህ የበሩ ወይም የቁም ሳጥኑ ያማረ ፊት ወደ ታች ይሁን፣ መስመሩ ላይ ፕላስተር ይለጠፍ፣ ምላጩም ጥርሱ ብዙ ይሁን።

«ያለ ማሽን አይሆንም»

ያ ወጥ ቤት ሌላ ሶኬት ሲፈልግ እኔ ሠራሁት። ቀለሙን በካተር ሰነጠቅሁ፣ ወለሉ ላይ ላስቲክ አነጠፍሁ፣ በሹል መሮና በመዶሻ ቀስ እያልሁ አወጣሁት። መሮ ቁራሽ ይጥላል እንጂ እንደ ማሽን ዱቄት አያበንንም። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ፍርስራሹን ሁሉ በአንድ ባልዲ ይዤ ወጣሁ፤ የበርበሬው ዕቃ ከመደርደሪያው አልተነሳም።